እንደ ጽዋ የዞረው ሣጥን

ሣጥኑ ቀላል ነበር። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያ ይመስለኛል።

የዳዊት መጽሐፍ ያህላል፤ ጥቁር ነው፤ ቢነቀንቁት ድምፅ የለውም። ከአዲስ አበባ ይዞት የመጣው ባለካሜራ «ሃርድ ዲስክ» ይለዋል። እኛ ሣጥኑ አልነው። በውስጡ የሦስት ደብር የብራና መጻሕፍት ገጽ በገጽ ፎቶ ተነሥተው ተቀምጠዋል። አንዱ ደብር ሞላሌ አጠገብ ነው፤ አንዱ የኛው፣ ዘመሮ አፋፍ ላይ፤ ሦስተኛው ገደሉን ወርደው ወንዙን ሲሻገሩ፣ መርሐቤቴ፣ ከዓለም ከተማ ወዲህ።

እኔ ሦስቱንም አውቃቸዋለሁ። ባሌን ከቀበርኩ፣ ልጆቼም ጎጆ ከወጡ ወዲህ እግሬ ቤት አይወድም። ከንግሥ ንግሥ እሄዳለሁ፤ የበግ ጠጉሬን እየፈተልኩ፣ የሰው ሰላምታ እያደረስኩ፣ በደከመኝ ቦታ እያደርኩ። ልጄ «እማዬ፣ አንቺን ሞት እንኳ ቢመጣ ቤት አያገኝሽም» ትለኛለች። ያን ጊዜ ሞባይል በኛ አገር ኮረብታ ተወጥቶ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ የሦስቱ ደብሮች መልእክት በኔ እግር ነበር የሚመላለሰው።

ባለካሜራው ዝምተኛ ሰው ነው። «ብራና ይቃጠላል፣ ይሰረቃል፣ አይጥ ይበላዋል። ፎቶው ግን ይቀራል» ብሎ ካህናቱን ለመነ። ሲፈቅዱለት በየደጀ ሰላሙ ጥላ ሥር ጠረጴዛ አቁሞ ያነሣ ጀመር። የኛን ደብር የተአምር መጽሐፍ ያነሣ ዕለት ነፋስ ነበር፤ ገጹ እንዳይገለበጥበት መሪጌታው ወንድሜ በእጁ ይዞለት ዋለ።

ሥራው ሲያልቅ የሦስቱ ደብር ካህናትና ሽማግሌዎች ሞላሌ በኩል ባለው ደብር፣ ከጽዱ ሥር ተቀመጡ። እኛ ሴቶች ጠላ እንቀዳለን።

«ከመሄዴ በፊት ማኅበር መሥርቱ» አላቸው ባለካሜራው። «ሊቀመንበር፣ ጸሐፊ፣ ተቆጣጣሪ ምረጡ። ሣጥኑን ማን ያስቀምጠዋል? ማን ይከፍተዋል? ሰው ቢጠይቅ ፈቃጁ ማን ነው? ዛሬ ሳትጣሉ ካልተነጋገራችሁበት ነገ ተጣልታችሁ ትነጋገሩበታላችሁ።»

«ሊቀመንበርስ ቀበሌም አለን» አሉ አንድ የሞላሌ ሽማግሌ፣ አፈ ስለታም የሆኑ። ተሳቀ።

«እንግዲያው ሦስት ቅጂ ላዘጋጅላችሁ፤ በየደብራችሁ አንድ አንድ ያዙ። አራተኛው አዲስ አበባ ይቀመጥ።»

የመርሐቤቴው ቄሰ ገበዝ ሳቁ። የደብራቸው ንብረት ሁሉ በሳቸው ቁልፍ የሚጠበቅ፣ ወፍራም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። «አዲስ አበባ ገብቶ የተመለሰ ነገር ያየ አለ? የኔ ወንድም እንኳ አልተመለሰ» አሉ። «ሦስት ቦታ መበተኑንም አልወድም። የኔን መጽሐፍ ምስል ዘመሮ ያለ ሰው ቢሸጠው በምን አውቃለሁ?»

«እኛስ ቆላ ያለ ሰው ቢሸጠው በምን እናውቃለን?» አሉ የሞላሌው ሽማግሌ።

ነገሩ መክረር ሲጀምር ወንድሜ ተነሣ። ወንድሜ ታናሼ ነው፤ ሲናገር ግን ትልቅ ያደርገዋል። «ሦስት ጽዋ ያለው ማኅበር ሦስት ማኅበር ነው» አለ። «አንድ ይሁን፤ እንደ ጽዋ ይዙር። ዓመት ዓመት እየተራችን እንያዘው። ሦስቱ ደብሮች ሳይገኙ አይከፈት። አንዱ ሲያስረክብ ሁላችን እናያለን፤ ሌባ መግቢያ የለውም።»

ሁሉም ይህስ ቃል ነው አሉ። የጽዋ ማኅበር ሥርዓት ከእናት ከአባት የመጣ ነው፤ ማንም ሳያስተምረው ማንም ያውቀዋል። ባለካሜራው ብቻ ፊቱ ጠቆረ። «አንድ ብቻ? አንዱ ቢበላሽስ?»

«ጽዋ አንድ ነው» አለው ወንድሜ።

በራሱ ኮምፒውተር ላይ የቀረውንም አጥፋ አሉት። መስቀል ፊት ቆሞ «የናንተ ነው፤ ካላችሁ» ብሎ አጠፋው። ጣቱ ከመጫኑ በፊት ትንሽ ቆየች። ያን አይቻለሁ።

መጀመሪያ ሞላሌ ያዘው። ቀጥሎ በመርሐቤቴ ተራ እኔው በበግ ጠጉር ባና ቁራጭ ጠቅልዬ በአንገቴ አንጠልጥዬ አወረድኩት፤ ከሁለቱም ወገን ሽማግሌ አጅቦኝ። ዓመቱ ዞረና ወደኛ የሚመጣበት ጊዜ ደረሰ። ቄሰ ገበዙ አልመጡም። «ወንዙ ሞልቶ ነው» አልን። ክረምቱ ይለፍ አልን።

ነሐሴ ላይ መብረቅ የደብራችንን ዕቃ ቤት መታው። ጣሪያው ሣር ነው። ወንድሜ ሮጦ ገባ፤ ሲወጣ በእጁ የዕጣን ጽና ብቻ ይዟል፤ ቅንድቡ የለም። የተአምር መጽሐፉ ተኮማትሮ እንደ ተጣለ ቁርበት ሆኖ አገኘነው፤ ሽታው ከቅጥሩ ሳይወጣ ሰነበተ።

ያ መጽሐፍ የሌላ አገር ተአምር አይደለም የነበረበት፤ የኛው ነው። በረዶ ገብሱን ሊያጠፋ መጥቶ ከኮረብታው ማዶ እንደ ከብት ቆሞ የቀረበት፣ ምንጩ ደርቆ በታቦቱ ዑደት የተመለሰበት። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ፣ ለንግሡ፣ ወንድሜ በግዕዝ ያነበዋል፤ እያረፈ በአማርኛ ይተረጉመዋል። አገሩ የሚሰበሰበው ለዚያ ነው።

«በቃሌ የያዝኩት አለ» አለኝ ወንድሜ። እህል ከፊቱ ቀርቦ አይነካውም። «ግን መጀመሪያው ይሸሸኛል። የያዝኩትም እታለም፣ ከኔ ጋር ይቀበራል። አንድ ዓመት ሳይነበብ ከዋለ ሰው አለመስማቱን ይለምደዋል።» ሰሐኑን ገፋ አደረገና «አንድ ይሁን ያልኩ እኔ ነኝ» አለ።

«አመጣልሃለሁ» አልኩት።

ጥቅምት እንደ ገባ ወረድኩ። ወንዙ ጎድሎ ነበር፤ ቢሆንም ደንጊያው ያንሸራትታል።

ቄሰ ገበዙን ከዕቃ ቤቱ ደጅ፣ ከደንጊያው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቁልፉ በወገባቸው ነው። «ደግሞ ብርድዎን ይዘው መጡብን?» አሉኝ። ሁልጊዜ ይህን ይሉኛል። ቃጠሎውን ስነግራቸው ግን ተነሥተው አማተቡ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ነፍስ ይማር አይባል ነገር፣ መጽሐፍ ነው» አሉ።

እንግዲህ ነገሩ ቀና ብዬ ልቤ አረፈ።

«ሣጥኑን ግን አልሰጥዎትም።»

«አባቴ፣ ተራው እኮ የኛ ነው።»

«ይስሙኝ እናቴ። ዲያቆን ሳለሁ አንድ እንግዳ መጣ። ትሑት ነው፤ ጫማውን ከቅጥሩ ውጭ የሚያወልቅ። መጽሐፋችሁ የእንጨት ገበታው ተላቅቋል፣ አስጠግኜ ላምጣ አለ። አለቃችን አመኑት። መጽሐፉ ይኸው እስከ ዛሬ እየተጠገነ ነው።»

«የምወስደው እኮ እኔ ነኝ።»

«እርስዎን አምናለሁ። ወንዙን ግን አላምነውም። በዚያ ውስጥ የኛም መጽሐፍ አለ። አንድ ነው፤ ሌላ የለውም። አንድ ይሁን ያሉት የርስዎ ወንድም ናቸው።»

«እንግዲያው ዓለም ከተማ አብረን ሄደን፣ ከአንድ የጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ላይ የኛን ብቻ በወረቀት እናስወጣ።»

«ሦስቱ ሳይገኙ አይከፈት ያሉትም እሳቸው ናቸው።»

ክፉው ነገር እውነታቸውን መሆኑ ነው። ወንድሜ በሠራው አጥር እኔን መለሱኝ። ንግሡ እየቀረበ ነው፤ ባዶ እጄን ብመለስ ወንድሜ ምን ይዞ ከሕዝቡ ፊት እንደሚቆም አላውቅም።

ማደሪያዬ እዚያው፣ ከቄሰ ገበዙ ቤት ሆነ። ባለቤታቸው ሳቋ ቀድሟት የምትገባ ሴት ናት። ማጀት ውስጥ አጠገቤ ቁጭ አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ጽዋ ቢሆን እማማ፣ ይሄኔ ለምነው ባስረከቡ። የማኅበር ጽዋ ቤታችን በመጣ ቁጥር እሳቸው መቼ ይውጣልኝ ነው የሚሉት። ጠላው አለ፣ ዳቦው አለ፣ እንግዳው አለ፤ ይከብዳላ። ይሄ ሣጥን ግን አይበላ፣ አይጠጣ። ቁልፉን ታጥቀው ይውላሉ፤ አገር ይለምናቸዋል። ማን ያስረክባል?»

«ታዲያ ምን ይሻላል ልጄ?»

«ሰዎችዎን ያስጠሩ። ሦስቱ ሳይገኙ አይከፈት አይደል የተባለው? ይገኙ። ጽዋም ከሆነ ተረኛ ያበላል። እኔ እጠምቃለሁ።»

«ሸክሙ ባንቺ ነው እኮ የሚወድቅ።»

«መቼስ በማን ወድቆ ያውቃል?» አለችና ጌሾዋን ትወቅጥ ጀመር።

የመንደሩ ነጋዴ ሞባይሉን ይዞ ኮረብታ ወጣልኝ። ለሞላሌም ለዘመሮም መልእክቱ ደረሰ፤ ሣጥኑ ሊከፈት ነውና ማኅበርተኛው ይምጣ። ቄሰ ገበዙ ሲሰሙ ፈገግ አሉ። በዚያ ገደል ለዚህ ብሎ የሚወርድ የለም ብለው ነው።

መጡ። ከሞላሌ ያ አፈ ስለታም ሽማግሌ በበቅሎ፣ ሌሎቹ በእግር። ከኛ ደብር ደግሞ ሰበካ ጉባኤው የመረጣቸው፣ ቃጠሎውን ያዩ ሰዎች። የወንድሜ ጉልበት ለዚያ ቁልቁለት አይሆንምና እሱ ቀረ። ቄሰ ገበዙ የቤታቸው ግቢ በብርድ አገር ሰው፣ በባናና በበርኖስ ሲሞላ አዩ፤ እንግዳ ነውና «ግቡ፣ ግቡ» አሉ።

የዚያን ዕለት ስለ ሣጥኑ ማንም ምንም አላለም፤ ነውር ነው። ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተመረቀ። በማግሥቱ ነገሩ ተነሣ። ቄሰ ገበዙ «የኛ ሰበካ ጉባኤ ሰብሳቢ ገበያ ወርዷል፤ እሱ ሳይኖር አይሆንም» አሉ።

«እንጠብቀዋለን» አሉ የሞላሌው ሽማግሌ። «ምን ቸገረን? ጠላው ግሩም ነው።»

ሰብሳቢው መጣ። ደግሞ ዕለቱ ዓርብ ነው ተባለ። ደግሞ ለቅሶ አለ ተባለ። በግ ወደቀ፤ ሌላ ተደገመ። ሴትዮዋ ጋኑን ስታጥብ ስትሞላ፣ ስታጥብ ስትሞላ ዋለች። እንግዶቹ ይቀልዳሉ፤ «እንዲህ ያለ ተረኛ ከየት ይገኛል! ሣጥኑ ዕድሜ ልኩን እዚሁ ይክረም» ይላሉ። እሳቸውም ይስቃሉ፤ ቁልፉ ግን ከወገባቸው አይወርድም። እኔ አንድ ዋንጫ ጨርሼ አላውቅም። ሰውየው ጽኑ ናቸው፤ አንድ ሳምንት ቢችሉት ንግሡ ያልፋል፤ ሌላ ነገር አያስፈልጋቸውም። እንዝርቴን ሳዞር ክሩ እየተበጠሰ አስቸገረኝ።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሁሉም እንደተቀመጠ ሴትዮዋ ብቅ አለች። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ነው። አልሳቀችም።

«አንቱ» አለቻቸው፣ «ይህ ጽዋ መቼ ነው ከቤታችን የሚወጣው? ካልወጣ ከርሞም ተረኛ እኛው ነን ማለት ነው። ለጌሾ ከአሁኑ ሰው ልላክ?»

ሁሉም ወደ ቄሰ ገበዙ ዞረ።

«እኛማ ለፋሲካም እንመጣለን» አሉ የሞላሌው ሽማግሌ፣ ዋንጫቸውን እያዩ።

ቄሰ ገበዙ ሚስታቸውን አዩ፤ ባዶውን ጋን አዩ፤ ወደኔም ዞሩ። ምን ፊት እንዳሳየኋቸው አላውቅም። ቁልፉን ከወገባቸው ፈቱት። «ይከፈት» አሉ። «ግን እኔ ሳልኖር አይደለም። ሣጥኑ በሄደበት እሄዳለሁ፤ ዘመሮም ቢሆን።»

ዓለም ከተማ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ የጽሕፈት ሥራ የምትሠራ አንዲት ሴት ነበረች። ጠባብዋን ክፍል ባናና ጥምጥም ሲሞላት ደንግጣ ተነሣች። ሣጥኑን ሰካችው። ትንሽ መብራት ብልጭ አለች፤ ወዲያው ጠፋች። ኮምፒውተሩም ጠፋ። አምፖሉም ጠፋ።

«ምን ሆነ?» አሉ ቄሰ ገበዙ።

«መብራት ሄደ አባቴ። ከተማው ሁሉ ነው።»

«ሣጥኑስ?»

«መብራት ሲመጣ እናየዋለን። አንዳንዴ እንዲህ ሲሆን ይበላሻል።»

ከደጅ ተቀመጥን። ማንም አልቀለደም። ቄሰ ገበዙ ሣጥኑን ከተሰካበት እንዳይነኩት ሴትዮዋ ከለከለቻቸውና በመስኮቱ እያዩት ቆሙ፤ ላባቸው በጥምጥማቸው ሥር ወረደ። እኔ የወንድሜን ቅንድብ አስባለሁ። በዓለም ላይ ያለው እሱ ብቻ ነው፤ ሌላው ዐመድ ነው፤ ባለካሜራው ያጠፋውም አንድ ጊዜ ጠፍቷል። ፀሐይዋ ግድግዳውን ለቃ ወደ ማዶ እስክትሄድ ቆየን።

አምፖሉ ሲበራ ሁላችንም በአንድ ጊዜ ተነሣን። ሴትዮዋ ነካካች፤ ጠበቀች፤ ደግማ ነካካች። መጀመሪያ የወጣው የመርሐቤቴ መጽሐፍ ነው። ቄሰ ገበዙ እጃቸውን ዘርግተው ሊሳለሙት ሲሉ «አባቴ፣ መስታወቱን አይንኩት» አለቻቸው። ቀጥሎ የሞላሌ። ቀጥሎ የኛ። ብራናው እንደዚያን ዕለቱ፣ ቢጫ፣ ቀዩ ቀለም ቀይ እንደሆነ። የኛ ደብር ሰዎች አለቀሱ።

ከገጾቹ በአንዱ ላይ፣ ከታች በቀኝ በኩል አንድ አውራ ጣት ጽሑፉን ተጭኖ ተነሥቷል። ጥፍሩ ከመሐል የተሰነጠቀ ነው። እኔ አወቅሁት። ወንድሜን በልጅነቱ መጥረቢያ ያገኘው ጣት ነው፤ ያሰርኩለትም እኔ ነኝ።

ወረቀቱ አንድ በአንድ እየወጣ ሳለ ቄሰ ገበዙ ሳይጠየቁ ተናገሩ። «ሦስት ይሁን» አሉ። «እስከ ዛሬ ሌባን ነበር የምፈራው። መብራቱ ሲሄድ ልቤ ሄደ። ሦስትም ያንሳል፤ አዲስ አበባም አንድ ይቀመጥ።»

«ወንድምዎም እዚያው ናቸው፤ ይጠብቁልናል» አሉ የሞላሌው ሽማግሌ። በዚያ ቀን የተሳቀው በዚህ ነው።

እዚያው፣ ከጽሕፈት ቤቱ ደጅ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ማኅበሩን እንደገና ሠሩት። ቅጂው በየደብሩ ይሁን። ለውጭ ሰው ሦስቱ ሳይስማሙ አይሰጥ። የራሱን መጽሐፍ ለማየት የመጣን ማኅበርተኛ ግን መከልከል የለም። በየዓመቱ በየተራ አንዱ ደብር ይጥራ፤ ሁሉም ሣጥኑን ይዞ መጥቶ ይከፈት፣ ደኅና መሆኑ ይታይ። የጠራው ያበላል። ፎቶ ሲነሣም ጣት ይነሣ። ሙሴው፣ የማኅበሩ አለቃ ማለት ነው፣ ማን ይሁን ሲባል የሞላሌው ሽማግሌ «የማይሰጥ ሰው ከዚህ በላይ ከየት ይገኛል» ብለው ቄሰ ገበዙን ጠቆሙ። ባለካሜራው በስልክ ሲነገረው «ነገ እነሣለሁ» አለ።

ቄሰ ገበዙ እንዳሉት ከሣጥኑ ጋር ዘመሮ ወጡ። አፋፉ ላይ ብርዱ ሲመታቸው ባናዬን አለበስኳቸው። «ብርድዎን እርስዎ ይዘው አይዞሩም ለካ፤ እዚሁ ነው የሚያስቀምጡት» አሉኝ።

ለንግሡ ደረስን። ወንድሜ ወረቀቱን ተቀብሎ አሸተተው። ብራና ብራና አይልም። ሲያገላብጥ አመሸ።

በማግሥቱ ታቦቱ ዞሮ ከቆመ በኋላ አገሩ ተሰበሰበ። ነፋስ ነበር። ቄሰ ገበዙ ወረቀቱን ከዳርና ከዳር፣ በጥፍራቸው ጫፍ ያዙለት። ወንድሜ አነበበ፤ እያረፈ ተረጎመ። በረዶው ከኮረብታው ማዶ እንደ ከብት ቆመ። ሕዝቡ በየዓመቱ እንደሚለው እልል አለ።

ከዚያ ጣቱ ያለበት ገጽ ደረሰ። የራሱን አውራ ጣት በምስሉ ላይ አስቀመጠ፤ ስንጥቁ በስንጥቁ ላይ ገጠመ። ከሥሩ ያለው ቃል ከመጽሐፉ ጋር ሄዷል። ገምቶ ቢሞላው የሚያውቅበት አልነበረም፤ ለሱ ደግሞ ግዕዝ የአፉ ውሃ ነው። አልሞላውም። ቃሉ የሚፈጀውን ያህል ዝም አለ፤ ከዚያ ከሚታየው ቀጠለ።

በኋላ ጸሐፊ ተገኝቶ መጽሐፉ በብራና ተጻፈ። በዚያ ገጽ ላይ አውራ ጣት የምታህል ባዶ ቦታ ተትታለች። ወንድሜ ካረፈ ወዲህ የሚያነበው ሌላ ነው። እሱም እዚያ ሲደርስ ዝም ይላል፤ ሕዝቡም አብሮት ዝም ይላል፤ ልጆቹ መጽሐፉ እንዲህ ነው የሚነበበው ብለው ያድጋሉ።